ደጅ ያሉት ደጅ ነበር

የጋሽ ኑሩን ማረፍ የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ጥር ውስጥ፣ በገበያ ቀን፣ የልጄ የትምህርት ቤት ቀሚስ ጠርዙ ተተርትሮ ላሰፋው ይዤ ሄድሁ። ቢቸና ገበያው ዳር ካለው የሚስማርና የቆርቆሮ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸው በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። ባለሱቁ በእጄ ያለውን ቀሚስ አየና፣ «አልሰማሽም? ጋሽ ኑሩ እኮ ትናንት አለፉ። ሞጣ ቀበሯቸው» አለኝ።

ቀሚሱን እንደያዝሁ ቆምሁ። ቀድሞ ወደ ልቤ የመጣው «ነፍስ ይማር» አልነበረም። «እንግዲህ ለማን ልንገር?» የሚል ነበር። ለሟች ከማልቀሴ በፊት ለራሴ ማሰቤን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የምነግራቸው ነገር ነበረኝ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ይዤው ኖርሁ።

ጋሽ ኑሩ የሞጣ ሰው ነበሩ። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሞጣ ላይ በንግድ ከኖሩ ሙስሊሞች ተወልደው፣ «ሻጭ ፊት ብቻ ያያል፤ ሰፊ ጀርባም ያያል» ብለው ልብስ ሰፊ ሆኑ። ቢቸና በገበያ ቀን ይመጣሉ። በሌላው ቀን በእጅ የምትዞር ትንሽ መኪና በአህያ ጭነው በመካከል ያሉትን የገጠር ገበያዎች ያዳርሳሉ። ረጅም ቀጭን ነበሩ፤ ነጭ ቆብ ከራሳቸው፣ ቢጫ ሜትር ከአንገታቸው አይለይም። ሰው ሲያዋራቸው የሜትሩን ጫፍ በጣታቸው ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ። የሚሰሙት ነገር ውሸት ከመሰላቸው መጠቅለሉን ይተዉና በሁለት እጃቸው ወጠር ያደርጉታል። አንድም ቃል አይናገሩም። የገበያው ሰው ይህን ስለሚያውቅ፣ «ሜትሩ ተወጠረብህ» እየተባባለ ይቀላለድበት ነበር።

ሴት ሲለኩ አይነኩም። አብራት ለመጣችው፣ ሰው ካልያዘችም አጠገባቸው ለምትቀመጠው ድንች ሻጭ ሜትሩን ይሰጡና እሳቸው ከበረንዳው ምሰሶ ጎን ይቆማሉ። «ከትከሻዋ ያዥልኝ። ዝቅ አድርጊው። አዎ፣ ስንት ይላል?» ይላሉ። ዓይናቸው ሜትሩ ላይ እንጂ ሴቲቱ ላይ አይደለም። ከሦስት እርምጃ ለክተው የሰፉት ቀሚስ፣ ሌላው ተጠግቶ ለክቶ ከሰፋው ይልቅ ልክ ይመጣ ነበር። እኔንም ስንት ዓመት እንዲሁ ነው የለኩኝ። እንግዲህ ይህን እያወቅሁ ነው ያንን የሠራሁት።

የመጨረሻዋ ልጄ ክርስትና ስትነሣ ቀሚስ አሰፋሁ። ልወስድ ስሄድ በረንዳው ላይ አራት አምስት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። ጋሽ ኑሩ ከመቀመጫቸው ተነሡና በሁሉም ፊት፣ «የሺ፣ ጨርቅሽን አበላሽቻለሁ። እጅጌውን በአንድ ጣት አሳጥሬ ቆርጬዋለሁ» አሉኝ።

ለካሁት። ምንም አይታወቅም። «ኧረ አይታይም፣ ጋሽ ኑሩ» አልሁ።

«የማይታየው ላንቺ ነው። እኔ እዚያ እንዳለ አውቃለሁ።»

አንዷ ልታግዛቸው ብላ መቀሱ ደንዞ ይሆናል አለች። ሳቁባት። «መቀስ ምን አጠፋ? ጨርቅ ሲበላሽ መቀስ አይወቀስም» አሉ። ከዚያ ከእጅጌው ጫፍ ሌላ ጨርቅ ቀጥለው፣ ጥልፍ ጨምረው ሰጡኝ። የክርስትናው ዕለት ሴቱ ሁሉ አዲስ የመጣ ፋሽን መስሎት እጅጌዬን እየያዘ ይጠይቀኝ ነበር። በሚቀጥለው ገበያ ሦስት ሴቶች «እንደ የሺ የተቀጠለ» ብለው አዘዙ። ጋሽ ኑሩም ለእያንዳንዳቸው፣ «እሱ እኮ ጥፋት ነው። ጥፋት ልስፋላችሁ?» ይሏቸው ነበር።

እኔ የምሠራው ቢቸና ውስጥ አንዲት ጠባብ ቢሮ ነው። ሥራዬ ሌሎች የላኩትን መመርመር ነው። በየወረዳው ያሉ በጎ ፈቃደኞች ስልካቸውን ይዘው ከምንጩ፣ ከወንዙ መሻገሪያ፣ ከጤና ኬላው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ፣ ከመስጊዱ ይቆማሉ። ስልኩ ያሉበትን ቦታ ያውቃል፤ እነሱ የነገሩን ስም ጽፈው ይልካሉ። ያ በካርታ ላይ አንድ ነጥብ ይሆናል። ምንጭ የሚያጎለብቱት፣ ማለትም ገንብተው ቧንቧ የሚያስገቡለት የውኃ ሥራ ሰዎች፣ በየዓመቱ የሚሠሩበትን መንደር የሚመርጡት ከዚያ ካርታ ነው። ካርታው ላይ የሌለ ምንጭ ለእነሱ የለም።

በጎ ፈቃደኛ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ በፀሐይ ሦስት ሰዓት ተጉዞ አንድ ምንጭ ይልካል። ሌላው ጠላ ቤት ተቀምጦ አምስት መንደር ይልካል። ይህን የምለየው ከሰማይ በተነሣ ፎቶ እያመሳከርሁ ነው። ደንቡ ቀላል ነበር። ከእያንዳንዱ ሰው አሥር ነጥብ ይመረጣል፤ ነጥቡ ከእውነተኛው ቦታ ከሃያ ሜትር በላይ ከራቀ ይወድቃል። ከአሥሩ ከሦስት በላይ ከወደቀበት፣ ሰውየው የላከው ሁሉ ይሰረዛል።

ምንጭ ከዛፍ ሥር ስለሆነ ከሰማይ አይታይም። ቤተ ክርስቲያን ግን ይታያል። ጠፍ ባለው እርሻ መካከል አንድ አረንጓዴ ክብ አለ፤ ጥዱና ወይራው ነው። በመካከሉ ቆርቆሮው ያበራል። ስለዚህ ለፈተና የምመርጠው ቤተ ክርስቲያን ነበር። እውነቱን ለመናገር ከላይ ሆኖ ማየቱም ደስ ይለኝ ነበር፤ በእያንዳንዱ ላይ በልቤ እሳለም ነበር።

በጎ ፈቃደኞቹን የምናውቃቸው በቁጥር ነው። ስማቸው ከመለመላቸው ሰው ዘንድ ይቀራል። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ የአሥራ አራት ቁጥርን ሥራ ከፈትሁ። ሞጣና ቢቸና መካከል ከመቶ በላይ ነጥብ ልኳል። የስሙን ዓምድ አነበብሁ፤ የማርያም ደጅ፣ የጊዮርጊስ ደጅ፣ የሚካኤል ደጅ ይላል። አንጀቴን በላው። ሌላው ደረቅ አድርጎ «ቤ/ክ» ብሎ የሚልከውን ይህ ሰው እንደ እናቶቻችን ደጅ ብሎ ይጽፋል። ሰንበቴ የሚጠጣ፣ ጾም የሚያውቅ ሰው ነው ብዬ አሰብሁ።

ከዚያ ነጥቦቹን በፎቶው ላይ አደረግኋቸው። ከአሥሩ ዘጠኙ ከዛፎቹ ውጭ ወደቁ። አንዱ አምሳ ሜትር፣ አንዱ ሰማንያ፣ አንዱ መቶ። ገርነቴ ወደ ቁጣ ተለወጠ። በመንገድ ሲያልፍ ከሩቅ እያየ የሚልክ፣ በእመቤታችን ስም የሚያሳምር ውሸታም መሰለኝ።

አስተባባሪያችን ደሳለኝ ከኋላዬ ቆሞ ያይ ነበር። ወጣት ነው፣ ረጋ ያለ። «ሁሉም በአንድ ዓይነት መሳቱ አይገርምም? ከመሰረዝሽ በፊት ደውለን ብንጠይቀውስ?» አለ።

«ቤተ ክርስቲያን የሚያህል ነገር ያልታየው ሰው፣ ምንጭ ይታየዋል?» አልሁት።

ቢሮው ሳቀ። ደሳለኝም ሳቀ። ሰረዝሁት፤ ምክንያት በሚለው ቦታም «ሥፍራው ሳይደርስ የላከ» ብዬ ጻፍሁ። በግንቦት የእኔ ክፍል ሥራ ከሁሉ የጠራ ነው ተብሎ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። ከጠረጴዛዬ በላይ ሰቀልሁት።

የውኃ ሥራው ዝርዝር ተለጠፈ። ቅሬታ ያለው እስከ ሰኔ ሠላሳ እንዲያመለክት ተነገረ። ሰኔ ሃያ አንድ ቀን ማርያም ነበረች። ጠዋት ሰዓት ስለረፈደብኝ አልገባሁም፤ ከበሩ ተሳልሜ ወደ ሥራ ሄድሁ። ረፋድ ላይ የቢሮው በር ተንኳኳና ጋሽ ኑሩ ገቡ። ሜትሩ እንደ ወትሮው ከአንገታቸው ላይ ነው። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«የሺ ልጄ፣ ለካስ እዚህ ነሽ። አልሐምዱሊላህ፣ የማውቀው ሰው አገኘሁ።»

ወንበር ሰጠኋቸው። የመጡበትን ጉዳይ ሲነግሩኝ የሜትሩን ጫፍ እየጠቀለሉ ነበር። ከሞጣ ወዲህ ሾላ ግርጌ የምትባል መንደር አለች አሉ። እዚያ ገበያ ሲውሉ የመንደሪቱ ሴቶች የሚያመጡላቸው ቀሚስ ሁሉ የሚነትበው ከጀርባው ነው። ፊቱ አዲስ፣ ጀርባው ወንፊት። ጀሪካን የሚያዝሉበት ቦታ ነው። ካጠገባቸው ያለውን ምንጭ ከብት ስለሚረግጠው ትተውት ገደል ወርደው ይቀዳሉ።

«ውኃ የራቀበትን አገር ከቀሚስ አውቀዋለሁ» አሉኝ። «ሃያ ዓመት ጀርባ ስጥፍ ኖርሁ። ይሄ የካርታ ነገር ሲመጣ፣ ጨርቅ ስለካ ኖሬያለሁ፣ አሁን ደግሞ አገር ልለካ ብዬ ገባሁበት። ያቺን ምንጭ ላስመዘግብ ነው። መቼም መንገዴ ነው ብዬ ያገኘሁትን ሁሉ ላክሁ። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ሾላ ግርጌ የለችም። ቁጥሬን ብነግርሽ ታይልኛለሽ? አሥራ አራት ነው።»

ኮምፒውተሩን የከፈትሁ መስዬ ጥቂት ቆየሁ። ከዚያ እንደ ዋዛ አድርጌ፣ ቤተ ክርስቲያኖቹን ሲልኩ ወዴት ቆመው እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«ደጅ ነዋ። እኔ እስላም ነኝ፤ ስልኬን ይዤ በቅጥራችሁ ውስጥ ልዞር ኖሯል? ከበሩ ቆምሁ፣ ደጅ ብዬ ጻፍሁ። የቆምሁበትን ነው የጻፍሁ።»

እኛ የማርያም ደጅ ስንል ማርያምን ማለታችን ነው። ደጅ ጠናሁ እንላለን፣ ደጅሽን አልጣ እንላለን። ቤቱን በደጁ እንጠራለን። እሳቸው ግን ደጅ ያሉት ደጅ ነበር። በኋላ የተሰረዘውን ገልጬ አየሁት። ነጥቦቹ ሁሉ በቅጥሩ በር ላይ ነበሩ፤ ከዘጠኙ አንድም አልሳተም። አሥረኛው ያለፈውም በሩ ለቤቱ ቅርብ ስለሆነ ነው። ከሌላው ሁሉ ይልቅ ልክ የነበረውን ሰው ነው የሰረዝሁት። እኔ ደግሞ የዚያን ዕለት ጠዋት ከደጅ ተሳልሜ የመጣሁ ሴት ነበርሁ።

ያን ጊዜ ልናገር ይገባኝ ነበር። ከጠረጴዛዬ በላይ የምስጋናው ወረቀት አለ፤ ሐምሌ ላይ የሥራ ውሌ ይታደሳል፤ ሦስት ልጆች ለብቻዬ አሳድጋለሁ። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አለፈብኝና፣ «ስልክዎ ይሆናል፣ ጋሽ ኑሩ። አርጅቶ ቦታ እየሳተ ነው። ሲስተሙ ጣለው» አልሁ።

መጠቅለሉን ተዉት። ሜትሩ በሁለት እጃቸው መካከል ወጠር አለ።

«ስልኩ?» አሉ።

«ስልኩ» አልሁ።

«እንግዲያስ እንደገና እዞራለኋ» ብለው ተነሡ። በሩ ላይ ሆነው ልጄ ደኅና መሆኗን ጠየቁኝ።

ደሳለኝን፣ የሰው ስም ሳልጠራ፣ የተሰረዘ ሥራ ይመለሳል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። እስከ ወሩ መጨረሻ ይቀመጣል፤ በስሕተት የተሰረዘ ከሆነ የሰረዘው ሰው ምክንያቱን በደብዳቤ ጽፎ ይመልሰዋል አለኝ። ዘጠኝ ቀን ነበረኝ። ደብዳቤው ከሦስት መስመር አይበልጥም ነበር። በየማታው ነገ እጽፋለሁ እያልሁ ጸሎቴን አደርሳለሁ። ሰኔ ሠላሳ መጣ፣ ሄደ። ሾላ ግርጌ በዚያ ዓመት ዝርዝር ሳትገባ ቀረች።

ክረምቱ ከባድ ነበር። ጋሽ ኑሩ ቢቸና የሚመጡት አንድ ገበያ እየዘለሉ ሆነ። ድንች ሻጯ፣ «እንጃ ምን እንደነካቸው፤ በዚህ ዝናብ ስልክ ይዘው ገጠር ለገጠር ይዞራሉ። ባለፈው ጭቃ ላይ ወድቀው ጉልበታቸው አብጦ ነበር» አለችኝ። እኔ ድንቹን መርጬ ሄድሁ።

ከመስቀል በኋላ የአሥራ አራት ቁጥር አዲስ ሥራ መጣ። ከፈትሁት። ቤተ ክርስቲያኖቹ ሁሉ በቆርቆሮው መካከል ወድቀዋል። ደጅ የሚል ቃል የለም። የማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ይላል። በገዛ እጄ አሳለፍሁት። በገበያው ቀን ወደ በረንዳው ሄጄ ሥራቸው ማለፉን ነገርኋቸው። ደስ አላቸው። እንዴት ወደ ውስጥ እንደገቡ ጠየቅኋቸው።

«እኔማ አልገባሁም። ሜትሩን እንደምሰጥ ስልኩን ሰጠሁ። ለቄሱ፣ ለዲያቆኑ፣ ዘበኛም ካገኘሁ ለዘበኛው። እኔ ደጅ ቆምሁ፣ ስልኩ ገባ። አንዱ ቄስ ስልኬን በመስቀል ባርከው መለሱልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ባትሪው አያልቅም።»

ሳቅሁ። ሳቁ። በዚያ ሳቅ መካከል ሳላስበው፣ «አዲስ ስልክ አገኙ ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ያው ነው» አሉ። ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ። ጥጉ የተሰነጠቀው፣ በላስቲክ የታሰረው ያው ስልክ ነው። «ስልኩ ደኅና ነበር፣ ልጄ።»

ሜትሩን አልወጠሩትም። ጫፉን በጣታቸው ቀስ እያሉ ጠቀለሉ፣ ፈቱ፣ ጠቀለሉ። ይጠብቁ ነበር። ጨርቅ ሲበላሽ መቀስ አይወቀስም ሲሉ በዚያው በረንዳ የሰማሁ እኔ ነበርሁ። አፌን ከፈትሁ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ኑሩ» ብዬ ሄድሁ።

በዐቢይ ጾም ለንስሐ አባቴ ተናዘዝሁ። አባ ሁሉንም ከሰሙ በኋላ ስግደት ሰጡኝና፣ «ለእኔ መንገርሽ መልካም ነው። የበደልሽው ግን እኔን አይደለም፤ ሄደሽ ለሰውየው ንገሪ» አሉኝ። ስግደቱን ሰገድሁ። አንድም አላጎደልሁም። ሰውየው ዘንድ ግን አልሄድሁም። ለእግዚአብሔር መቶ ጊዜ ከመስገድ ለአንድ ልብስ ሰፊ አንድ ጊዜ መናገር ከብዶኝ ኖረ።

ሾላ ግርጌ በቀጣዩ ዝርዝር ገባችና በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ምንጯ ተሠራች። እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ስትሠራ አንድ ዓመት ዘግይታለች። ያ ዓመት በእኔ ምክንያት በእነዚያ ሴቶች ጀርባ ላይ ያለፈ ነው። ጋሽ ኑሩ ስለ ምንጩ ሲነግሩኝ የእኔ የምሥራች እንደሆነ አድርገው ነበር፤ «ሠራንላቸው» አሉኝ። «ን»ዋ አቃጠለችኝ። ከዚያ ወዲያ በየገበያው ሰላም ብያቸው አልፋለሁ። ሰላምታዬን ረዘም አደርገዋለሁ፤ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ባለቤታቸው እጠይቃለሁ። ሁሉንም ጠይቄ አንዷን ሳልናገር አልፋለሁ።

መሞታቸውን በሰማሁ ማግሥት በመጀመሪያው ሚኒባስ ሞጣ ወረድሁ። ቤቱን ማንም ያውቀዋል። ከግቢው ድንኳን ተጥሏል። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በውስጥ ተቀምጠዋል። ከበሩ አጠገብ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ ሁለት ሴቶች ለለቀስተኛው እጅ ያስታጥባሉ። ከየት እንደመጡ ስጠይቅ ከሾላ ግርጌ ነን አሉኝ፤ ውኃውንም ከቧንቧቸው ቀድተው በአህያ ጭነው ነው ያመጡት። አንደኛዋ ጎንበስ ስትል የቀሚሷን ጀርባ አየሁት። ዘመን የቆጠረ ቀሚስ ነው። ጀርባው ግን ደኅና ነው።

ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። አላህ ያጽናዎት ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ሰው ቀለል ሲል ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኋቸው። ሥራቸውን የሰረዝሁት እኔ ነኝ አልሁ። ስልክዎ ነው ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ በዚያ ክረምት ጭቃ ላይ የወደቁት በእኔ ነው አልሁ። አጭር ነበር። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የከበደኝ ነገር በጥቂት ቃል አለቀ።

እትዬ ዘይነባ ፊቴን አዩት።

«የቢቸናዋ የሺ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ከቢቸና ገበያ በመጡ ቁጥር ስምሽን ሲያነሡ እሰማ ነበር። ዛሬም ሰላም ብላኝ አለፈች ይሉኛል። ምን አድርጋዎት ነው ስላቸው አይነግሩኝም። ተዋት፣ ደጅ ቆማለች፣ ትገባለች፤ ይሄው ነው ቃላቸው።» ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «እሳቸውስ ድሮ አፉ ብለውሻል፣ እቴ።»

ይቅር ብለውሻል ማለታቸው ነው። ያለቀስሁት ያን ጊዜ ነው።

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ወደ መካነ መቃብሩ ወሰደኝ። አዲሱ አፈር ከአጥሩ ውስጥ፣ ከግራሩ ሥር ይታያል። ልጃቸው፣ ከፈለግሁ መግባት እንደምችል ነገረኝ። አይ፣ እዚህ ይበቃኛል አልሁት። ከበሩ ቆምሁ። በእኛ ሥርዓት ነፍስ ይማር አልሁ፤ የእነሱን የሚያውቅ ፈጣሪ ነው። ከዚያ ስልኬን አወጣሁና የቆምሁበትን ነጥብ ያዝሁ። ስም በሚለው ቦታ «የጋሽ ኑሩ ደጅ» ብዬ ጻፍሁ።

ሰኞ ቢሮ ስገባ በመጀመሪያ ያንን ሦስት መስመር ደብዳቤ ጽፌ ለደሳለኝ ሰጠሁት። የሰረዝሁት በስሕተት ነው፣ ስሕተቱን አውቄ ዝም ያልሁትም እኔ ነኝ ይላል። አነበበው። ከጠረጴዛዬ በላይ ያለውን ወረቀት አውርጄ ከደብዳቤው ጋር አያያዝሁለት። በእኔ እጅ የተሰረዙ ሌሎች ሦስት ቁጥሮች ነበሩ፤ የስልካቸውን ቁጥር ከመልማዮቹ ጠይቄ በየተራ ደወልሁ።

በማግሥቱ ከሞጣ የላክሁት ነጥብ ከሌሎቹ ጋር ለምርመራ ወደ ራሴ ጠረጴዛ መጣ። ፎቶው ላይ አደረግሁት። ከመቃብሩ ስድሳ ሜትር ይርቃል። በደንቡ መሠረት ይወድቃል።

ስሙን ደግሜ አነበብሁ። ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ «ደጅ ነው፤ ልክ ነው» ብዬ ጻፍሁ፤ አሳለፍሁት።